የሰማያዊው በር ፎቶ

ፎቶ አንሺው ጋሽ ሸዋንግዛው የኤልሳን ስልክ ተቀብለው ማየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ኤልሳ ከፎቶ ቤቱ ባንኮኒ ፊት መቆም አቅቷት ትቁነጠነጥ ነበር። ያነሳችው ከእናቷ ጋር የምትኖርበትን ቤት ነው፤ የጭቃው ግድግዳ፣ ሰማያዊው በር፣ ከዝናቡ በኋላ የሚያብለጨልጨው ቆርቆሮ። ጂንካ የሚመጣ የቱሪስት ካሜራ ሁሉ ሰው ሲያሳድድ፣ እሷ ቤት ብቻ ማንሳት አማራት።

“እውነቱን ይንገሩኝ ጋሼ፤ ምን ይጎድለዋል?” አለች ጥፍሯን እየነከሰች።

“መስመሩ ቀጥ ብሏል። ብርሃኑንም ጠብቀሽለታል።” መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ምስሉን በሁለት ጣት አሰፉት። ከዚያ ከበሩ አጠገብ ባዶው ግድግዳ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። “ይሄ ጥላ የማን ነው?”

ኤልሳ ጎንበስ አለች። ሻሽ ያሰረ ራስና አንድ ክንድ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

“የእማዬ ነው። ቤቱን ነው የማነሳው ብላት፣ የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ውጪልኝ ማለት ከበደኝ። አነሳኋትና በኋላ በስልኩ ከምስሉ ላይ አጠፋኋት። ጥላዋን ልብ አላልኩም።”

“ዋናውስ አለ?”

“የለም። ያስተካከልኩትን እዚያው ዋናው ላይ ነው ያስቀመጥኩት።”

ጋሽ ሸዋንግዛው ቀና ብለው ወደ ደጃፉ አዩ። የኤልሳ እናት ከቅዳሜ ገበያ መልስ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ ሻሿን በመዳፏ እያስተካከለች ቆማለች።

“የኔ ፎቶ ደረሰልኝ?” አለች።