የሐጂ ሙሜ ጆሮ

ሲስተር ገላነሽ የእጅ ሰዓቷን ፈትታ በሐጂ ሙሜ ጆሮ ላይ ስትደግነው፣ ከሸዋ በር እስከ ፈረስ መጋላ የሚተነፍስ ሰው ጠፋ። የሳንባ ነቀርሳው መርፌ ሳንባ እያዳነ ጆሮ ይሰርቃል፤ እሷ ሳትፈትሽ ደግሞ አንዲት ጠብታ አትወጋም።

«ሰዓቱ ይሰማዎታል?» ብላ ጮኸች።

«ወላሂ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል! የጉንዳን ሳል እንኳ አያመልጠኝም፣ ልጄ!» አሉ ሐጂ፣ መርፌው ከቀረብኝ እሞታለሁ ብለው ስለፈሩ።

«አሉ አይደል? በይ ውጊያቸው!» ሲል አጠገቧ የቆመው ሐኪም አገሳ፤ የጀጎል ግንብ ራሱ ነቅነቅ ሳይል አልቀረም። የገላነሽ ቅንድብ ግን ንቅንቅ አላለም። መርፌውን ትሪው ላይ መለሰችው።

«አልወጋም።»

«ማን ሆነሽ ነው?»

ሰዓቱን ወስዳ በሐኪሙ ጆሮ ላይ ለጠፈችው። አዳመጠ። ደግሞ አዳመጠ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«ይሄ እኮ ቆሟል!»

«ሆን ብዬ ነው ከትናንት ጀምሮ ያልሞላሁት። የቆመ ሰዓት ሲሄድ የሰሙት ሐጂ ናቸው። መውጋት የፈለገ እኔን ገፍቶ ይለፍ፤ እርስዎ ግን የሚዋጥ መድኃኒት ይዘዙላቸው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ፣ ገላነሽ የሐጂን የተጠቀለለ እጅጌ በገዛ እጇ አወረደችው።