የተሳበ ደጋን

ላንድማርክ ሰፈር በሚገኘው አፓርታማ ሳሎን ውስጥ የሚስቱ አባት የአደን ደጋኑን ከሶፋው ላይ አንስተው ጅማቱን እስከ ጆሯቸው ሲስቡት፣ ሚናስ የያዘው የሻይ ብርጭቆ እጁ ላይ ቀረ። የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበትን ይህን የስድሳ ዓመት ደጋን ለማግኘት አራት ዓመት ሙሉ በየጨረታው ተንከራቷል።

«አባባ፣ ቀስት ሳይገባበት አይልቀቁት፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል።»

«እናቴ በደጋን ጥጥ ስትነድፍ አይቼ ነው ያደግሁት። አንተ ነህ የምትነግረኝ?»

ከአማት እጅ ነጥቆ መውሰድ አይቻልም። ሚናስ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው፤ አሁንም አስቀመጠው። ይሄኔ የሽማግሌው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይሰነጠቃል የተባለውን መልቀቅ ፈሩ፤ ቀስ አድርጎ መመለሱም አቃታቸው፤ «ያዝልኝ» የሚለው ቃል ደግሞ ከአፋቸው አይወጣም። ዓይናቸው ብቻ ወደ ሚናስ ዞረ። እሱም ከኋላቸው መጥቶ አቀፋቸውና ጣቶቹን በጣቶቻቸው ላይ ደርቦ ጅማቱን አብረው ቀስ እያሉ መለሱት። በሠርጉ ቀን እንኳ እንዲህ አልተቃቀፉም።

ትርሲት ከኪችን ብቅ አለች። «ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እያስተማርኩት ነው» አሉ አባቷ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«ገና አልገባኝም» አለ ሚናስ፣ እጁን ሳያነሳ።