ከ«ባት» በፊት

«እኔ ራሴ ነኝ የምነግራት» እላለሁ። አስተርጓሚው ካሳሁን አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ይዘጋዋል።

ልጄ ፊት ለፊቴ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው። ጋዲሴ ብዬ ነበር ስም ያወጣሁላት። አሁን ግሬስ ናት። ጠዋት ስትመጣ፣ የተወለድኩበት ቤት የት ነው ብላ በካሳሁን አስጠየቀችኝ። በመስኮት የመኪና ማቆሚያውን አሳየኋት። ያኔ ኮዬ ፈጬ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ቤታችን እዚያ ነበር።

አባቷ ደበላ ሞቶ፣ እኔም ሳንባዬን ታምሜ ተኝቼ ሳለሁ ነው ፈረንጆቹ የወሰዷት። ገና አፏን የፈታች ሕፃን ነበረች። ተምራ ትመጣለች አሉኝ፣ ፈረምኩ። እኛ ዘንድ ለጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ሁለት ቤት አለው። ያሳደገችውም እናቱ ናት፣ የወለደችውም እናቱ ናት፤ በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ከወላጆቹ ቤት ያድራል፣ ማንም አይቆጣም። ፈረንጅም እንደዚያ የሚያደርግ ነው የመሰለኝ። ሌላ ዓይነት አወሳሰድ መኖሩን ማን ነግሮኝ?

ነገ ትሄዳለች። እኔ የምፈልገው ዛሬን እዚህ እንድታድር ነው። አንድ ሌሊት። ጓዳ አዲስ ፍራሽ አንጥፌያለሁ፤ ላስቲኩን እሷ ስትተኛ ነው የምገፍፈው ብዬ እንዳለ ነው።

ልትመጣ ነው የተባልኩ ጊዜ ቀበሌው አዳራሽ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ገባሁ። ቀን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አጥባለሁ፣ ማታ እማራለሁ። «እናት ለልጇ የምትለውን አስተምሪኝ» አልኳት አስተማሪዋን፣ እየሩሳሌምን።

«እትዬ ዳሲቱ፣ እሱ ምዕራፍ የለውም» አለችኝ እየሳቀች። «አሁን ሐሳብ መስጠት ላይ ነን፤ መስማማት፣ መቃወም።»

«እንግዲያው ያለውን ስጪኝ።»

ያለው ይኼ ነው። በእንግሊዝኛ ሰውን ስትቃወሚ ፊት ለፊት አትቃወሚም። መጀመሪያ «አይ አግሪ ዊዝ ዩ»፣ እስማማለሁ፣ ትያለሽ። ከዚያ «ባት»፣ ግን፣ ትያለሽ። የልብሽን ከባት ወዲያ ነው የምታመጪው።

«ካልተስማማሁ ለምን ተስማማሁ እላለሁ? ውሸት አይደለም?» አልኩ።

«ጨዋነት ነው፣ እትዬ።»

«የእኛ ሰው እኮ ቢዋሽም ውሸቱን ሳያፈርስ እስኪመሽ ይታገሣል» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

በሌላም ነገር ተጣልተናል። ስስማማ ትንፋሼን ወደ ውስጥ እስባለሁ፤ «እህ»፣ እንደ ሁላችን። «ትንፋሽ መሳብ እንግሊዝኛ አይደለም! ፈረንጅ ቢሰማዎት የደነገጡ ነው የሚመስለው» ትለኛለች። ልተወው አልቻልኩም። ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁትን በሷ ቁጣ ልተወው?

አሁን ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ጎረቤቴ አሰፋች በሩ ጋ ቆማ፣ አይዞሽ ትለኛለች በዓይኗ።

«ኢን ማይ ኦፒኒየን» እላለሁ። በእኔ ሐሳብ ማለት ነው። «ዩ ስሊፕ ሂር። ዋን ናይት። አይ አም ማዘር።»

ልጄ ታየኛለች። ከዚያ በተከፈተው የጓዳ በር ፍራሹን ታየዋለች፤ ላስቲኩ በመስኮቱ ብርሃን ያብረቀርቃል። ዓይኗ እንባ ያቀራል። ቦርሳዋን መሬት ታስቀምጥና እጄን ትይዛለች፣ ይኼን በረኪና የበላውን እጄን። እንዲገባኝ ብላ ቀስ አድርጋ ትናገራለች።

«አይ አግሪ ዊዝ ዩ።»

«አግሪ አለች!» ትጮኻለች አሰፋች። «ተስማማች እኮ! እልል ልበል?»

«ቆይ» እላታለሁ።

«ምኑን ነው የምቆየው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቆይ ብያለሁ!»

የልጄን ከንፈር አያለሁ። የደበላን ነው ከንፈሯ፣ የታችኛው ወፈር ያለ። እጄን ጠበቅ ታደርገዋለች፤ ሲያጠብቁ ሊለቁ ነው። እዚያው ላይ ቢቆምስ እላለሁ በልቤ። እዚያው ላይ ዝም ብትልልኝስ።

«ባት» ትላለች።

አሰፋች እልልታዋን በመዳፏ ታፍነዋለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ አልያዝኩትም። «ማይ ማም» ሰማሁ። «ሆቴል» ሰማሁ። እናቴ ሆቴል ትጠብቀኛለች ማለቷ ነው። እናቴ ያለቻት ሌላ ናት።

«ልተርጉምልዎት፣ እትዬ?» ይላል ካሳሁን፣ እያፈረ።

«ተወው። ይኼንኛውን ተምሬዋለሁ።»

እልኸኛ ነኝ፣ ሰፈሩ ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን በሩ ላይ ቆሜ አላሳልፍም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «ዋን ናይት» እላታለሁ እንደገና። እያለቀሰች ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች። ቦርሳዋን አነሳላታለሁ።

ኮሪደሩ ላይ የጎረቤቱ ጀሪካን ተደርድሯል፤ ውሃ የሚመጣበት ቀን ነው። ታች መኪናው ጡሩምባ ያሰማል። ካሳሁን ቀድሞ ይወርዳል። ልጄ አንገቴ ሥር ትገባለች፤ ጸጉሯ የማላውቀው ሽታ አለው። እንግሊዝኛዬ አልቋል። እንደ ድሮው፣ ሳስተኛት አናግራት በነበረው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ጆሮዋ ውስጥ እጠይቃታለሁ።

«ጋዲሴ፣ እኔን ታስታውሺኛለሽ?»

ቋንቋው ጠፍቶባታል። ቀና ብላ ታየኛለች። ግንባሯ ይኮማተራል፣ ሩቅ ያለ ነገር እንደሚያይ ሰው። ከዚያ ሳታስበው፣ እሷም ምን እንዳደረገች ሳታውቅ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስባለች።

«እህ።»

እጄ የደረጃው መደገፊያ ብረት ላይ ይቀራል። ከንፈሯን እያየሁ «ባት»ን እጠብቃለሁ።

አይመጣም። ጫማዋ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ ጠዋት ባጠብኩት ደረጃ ላይ፣ ወደ ታች።