ክንዷ ላይ የቀረችው

ነርሷ ከሴትየዋ ክንድ ያወጣቻትን፣ የክብሪት እንጨት የምታህል የወሊድ መቆጣጠሪያ ትሪው ላይ አኖረቻት። ከመስኮቱ ውጪ ጉም እንጦጦን ሸፍኖት ነበር።

«አንዷ ወጣች። ሁለተኛዋን ላውጣና ትገላገያለሽ።»

ክንዷ ደንዝዞ ሕመም አልተሰማትም። ነርሷ የቀረችውን ከቆዳዋ ሥር በጣቷ ወዲያ ወዲህ ስታንከባልላት ስታይ ግን ቀና ብላ እጇን ያዘቻት።

«ሲስተር፣ እሷን ተይልኝ።»

«እንዴ! ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ ብለሽ አይደል የመጣሽው?»

«እፈልጋለሁ።» ክንዷን በመዳፏ ከለለችው። «ልጄ እንቅልፍ የሚወስዳት ይቺን እንደዚህ እያንከባለለች ነበር። የሞተች ለታም ጣቷ እዚሁ ላይ ነበር።»

ነርሷ ምላጩን አስቀመጠች።

«አሁንም ሌሊት ትመጣለች፣ ሲስተር። ክንዴን ትዳብሳለች። ሁለቱም ከወጡ በምን ታውቀኛለች?»