ጎኑ ላይ የተቀረጸው ስም

ሎዌል በአዮዋ ገጠር የአሮጌ ጠመንጃ ዋጋ ገማች ነበር። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤቱ አርሊን ከሟች ባሏ የቀረላትን ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ በብርድ ልብስ ጠቅልላ መጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ የሱቅ ጠመንጃ ነው» አለ ሎዌል እየሳቀ። «ፋብሪካው አንድ፣ ስሙ ሺህ። ድሮ ባለሱቆቹ ደስ ያላቸውን ስም ያስቀርጹበት ነበር።»

«ዋጋውን ተወው። ስሙን ብቻ አንብብልኝ።»

ጎኑን ዘይት በነካ ጨርቅ ወለወለው። «ክላይድ ይላል።»

አርሊን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «አምና ሜርል ነበር የሚለው። ባሌ ሜርል በሳምንቱ ሞተ። ክላይድ ደግሞ ወንድሜ ነው።»

«አንዱ አስቀይሮት ይሆናላ!» ሎዌል አጉሊ መነጽሩን አነሳ። ፊደሎቹ ውስጥ የመቶ ዓመት ዝገት ተጋግሮ ነበር። «አይ፣ ይሄስ አሁን የተቀረጸ አይደለም» አለ።

«አጥፋልኝ ሎዌል፣ በእናትህ!»

ዋጋው ገደል ይግባ ብሎ ሞረዱን አነሳና ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ስሙን ፋቀው። አርሊን እንባዋን ጠርጋ «እፎይ» አለች።

ሎዌል ሞረዱን ሊመልስ ዞር አለ። በተፋቀው ብረት ላይ ዝገት ከውስጥ ቀስ እያለ ወጣና ፊደል ሠራ። አርሊን ጎንበስ ብላ አነበበችው።

«ሎዌል» አለች።

የጠራችው መስሎት «አቤት» አላት።