የሠላሳ አንድ ቁጥር ደብተር

መዝጋቢዋ ሥራ ስትጀምር የተረከበችው አንድ ጠረጴዛ፣ አልዘጋም ያለ መሳቢያና ስድሳ ደብተሮች ነበር። ደብተሮቹ የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ቫልቭ የተቀየረላቸው የስድሳ ሰዎች ናቸው። ጥናቱ ማወቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው፤ በቤቱ የሚያስታምመው ሰው ያለው በሽተኛ ከቀዶ ሕክምናው መዘዝ ምን ያህል ይተርፋል?

አሠራሩ ቀላል ነው። አስታማሚው በየማለዳው የበሽተኛውን የልብ ምት ይቆጥራል፣ ክብደቱን ይመዝናል፣ እግሩ ማበጥ አለማበጡን አይቶ ይጽፋል። ወር ሲሞላ ደብተሩን በፖስታ ይልካል። በምላሹ አዲስ ደብተርና ደም የሚያቀጥነው መድኃኒት ይላክለታል። መድኃኒቱ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረው የማያገኙት ነው፤ ከተቋረጠ ደግሞ አዲሱ ቫልቭ ላይ ደም ይረጋል። ከጥናቱ የሚያስወጣው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። በሽተኛው ከሞተ፣ ወይም አስታማሚ ካጣ።

ከስድሳው ሁሉ ቢሮው የሚወደው ሠላሳ አንድ ቁጥርን ነው። በሽተኛዋ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ናት። አስታማሚው ባሏ ነው፤ ዕድሜውን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው። መዝጋቢዋ ሁለቱንም በዓይኗ አይታቸው አታውቅም፤ የምታውቃቸው ባልየው በደብተሩ ኅዳግ ላይ በሚጽፈው ነው።

«ሞተሩ ደህና ነው፤ ጡሩምባው ግን በዝቷል።»

«ዛሬ ጨው ከለከልኳት። ዘመዶቼን እስከ ሰባት ቤት ሰደበቻቸው። ምት ስድሳ ስምንት።»

በአሥራ አንደኛው ወር ቀልዱ ቆመ። ጽሑፉ ተንጋደደ፤ ፊደሉ የሌላ ሰው እስኪመስል ድረስ ተንቀጠቀጠ። የልብ ምቱም ሰባ ሁለት ላይ ተተከለ። አንድ ቀን አይደለም፣ አንድ ሳምንት አይደለም፣ ሦስት ወር ሙሉ ሰባ ሁለት።

መዝጋቢዋ ደብተሩን ይዛ ጥናቱን ወደሚመራው ዶክተር ገባች።

«ክብደቱስ?» አለ ዶክተሩ።

«እሱ ይለዋወጣል። አንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ይጨምራል፣ በማግስቱ ይቀንሳል።»

«ለማሳመር ነው። ዋሾ አንዱ ቦታ ይጠነቀቅና ሌላው ቦታ ይሰንፋል። በሕይወት ያለ ሰው ልብ እንዲህ አይመታም።»

«ምናልባት መቁጠሩ ሰልችቶት ይሆናል።»

«ይሄ ሰውዬ የሚሰለች ይመስልሻል?»

አይመስላትም።

«ሞታበታለች» አለ ዶክተሩ፣ መነጽሩን አውልቆ። «እኔም ያሳዝነኛል። ግን የአንዷን ሞት ደብቀን ጥናቱን ካወጣን፣ ነገ ሌላ ሐኪም እሱን አምኖ በሽተኛውን ወደ ቤቱ ይልካል። ሂጂና ቀኑን ብቻ ጠይቂው።»

«ቀኑን ብቻ» ማለት ለዶክተሩ ቀላል ነው። መዝጋቢዋ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ሰውየውን አሰበችው፤ ማለዳ ተነስቶ፣ ባዶውን አልጋ አልፎ፣ ለሌለች ሴት ሰባ ሁለት ብሎ ሲጽፍ። አልፈረደችበትም። እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏት የእናቷን ቁጥር ከስልኳ ያላጠፋች ልጅ በማን ላይ ትፈርዳለች?

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስታንኳኳ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከፈቱላት። ቀሚሳቸው በልካቸው የተሰፋ፣ ጠርዙ ያማረ ነው። የሟች እህት ይሆናሉ ብላ ገመተች።

«እማማ፣ ከሆስፒታል ነው የመጣሁት። የደብተሩ…»

አሮጊቷ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«አንድ ቀን እንደምትመጡ አውቄዋለሁ። ግቢ ልጄ።»

ክፍሉ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ሥር ሚዛን ተቀምጧል፤ ከሚዛኑ በላይ የሾፌር ቆብ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ደብተሩ ተከፍቶ፣ እስክሪብቶ ጣል ተደርጎበታል። የዛሬው ሰባ ሁለት ተጽፏል።

«እግዜር ያጥናዎት» አለች መዝጋቢዋ።

«አሜን። ቆመሽ አትቅሪ፣ ቁጭ በይ።»

«መቼ ነው ያረፉት?»

«ሦስት ወር ከአራት ቀን ሆነ። ማለዳ ነው። ጣር የለ፣ ምን የለ።»

መዝጋቢዋ ቅጹን አወጣች። «በሽተኛው የሞተበት ቀን» ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ ሳጥን አለ።

«ማንንም ለመክሰስ አልመጣሁም» አለች። «መጻፉ ለምን እንዳልቆመ ይገባኛል። ግን እውነቱ መመዝገብ አለበት።»

«ከመዘገብሽው በኋላ ምን ይሆናል?»

«ፋይሉ ይዘጋል።»

«መድኃኒቱስ?»

ጥያቄው መዝጋቢዋን ገረማት። «ለሞተ ሰው መድኃኒት አይላክም፣ እማማ።»

«ልክ ነሽ» አሉ አሮጊቷ። «ለሞተ ሰው አይላክም። እኔም ሐሰት መጻፍ ታክቶኛል።»

መዝጋቢዋ ቀኑን በጣቷ ወደ ኋላ ቆጠረች። አገኘችው። እስክሪብቶዋን ከፍታ ወደ ሳጥኑ አጎነበሰች።

አሮጊቷ ወንበራቸውን ሳቡና አጠገቧ ተቀመጡ። የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈተው፣ አንጓቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ እጃቸውን ቅጹ ላይ አሳረፉት።

«እስቲ ቁጠሪልኝ» አሉ። «የሞተው የሚቆጥርልኝ ሰው ነው።»