ከቀለሙ ሥር

ባሌ ስፖንጁን ከእጄ ሊቀማኝ ይታገላል። አልለቅም። ዕድሜ ልኬን ወንዝ ዳር የሰው አንሶላ ስጠመዝዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ የሠዓሊ ክንድ አያሸንፈኝም።

«ኦኖሪን፣ በማርያም ይዤሻለሁ! ሙስዬ ጎድሮን አሁን ይመጣል!»

«ይምጣ! ባዶ አልጋ ይግዛ!»

ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የእኛው ኩሽና ነው፤ ምድጃው፣ የሽንኩርቱ ጉንጉን፣ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ። አልጋው ላይ ኦዲል ትራስ ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ልጄን ከቀበርናት ገና ወር አልሞላም። ነጋዴው ጎድሮን፣ የታመመ ልጅ ያለበት ሥዕል የሩዋን ከተማ ሀብታሞች ይወዳሉ፣ ሳሎናቸው ሰቅለው እያዩ እንባቸውን ይጠርጋሉ ብሎታል። አባት ተብዬውም እሺ አለ። የማንም ወይዘሮ ሾርባዋን እየጠጣች የልጄን ሬሳ ልታይ ነው!

«እፍረት የለህም እንዴ አንሴልም? የሞተችበትን ፊት ነው የምትሸጠው?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?» ይላል፤ እጁ ይላላል።

ያኔ ስፖንጁን ውሃ ነክሬ ፊቷ ላይ አሳርፈዋለሁ። የእሱ ቀለም እንደ ዘይት ቀለም አይደለም፤ ውሃ ሲያገኝ ይለቃል። እድፍ ማስለቀቅ ደግሞ ሥራዬ ነው፤ አልፈትግም፣ ቀስ እያልኩ ነካ ነካ አደርገዋለሁ። የጉንጯ ቢጫነት ይሄዳል። የከንፈሯ ጥቁረት ይሄዳል። የተጨፈነው ዓይኗ ሽፋሽፍት ስፖንጁ ላይ ቡናማ ሆኖ ይቀራል። ወይኔ፣ ልጄን ለሁለተኛ ጊዜ እያጠብኳት ነው። የመጀመሪያው ለግንዘት ነበር።

«በቃ» እላለሁ። «ጠፋች።»

«አልጠፋችም።» አንሴልም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። «እርሳሱ በውሃ አይለቅም።»

ጎንበስ እላለሁ። ከታጠበው ወረቀት ላይ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ይላሉ። አፍንጫዋ። የወለቀው የፊት ጥርሷ። እየሳቀች ነው፤ ዓይኖቿ ቦግ ብለዋል።

ስፖንጁን አስቀምጣለሁ።

«መቼ ነው የሳልካት?»

«በደህናዋ ጊዜ፣ በመከር። ከሞተች በኋላ ነው ቀለሙን ከላይ የደረብኩበት።» ከግድግዳው ዞሮ ወረቀቱን ያያል። «ዓይኗን ብጨፍነው ብጨፍነው እምቢ አለችኝ፣ ኦኖሪን። ቀለም በደረብኩ ቁጥር ከሥር ትኩር ብላ ታየኝ ነበር።»

«ማንን አይታ ነው እንዲህ የምትስቀው?»

«አንቺን ነዋ። ቅርጫትሽን ተሸክመሽ ከወንዝ በዚህ በር ስትገቢ።»

የትኛው ቀን እንደሆነ አላስታውስም። ዞር ብዬ እንኳን አይቻት ይሆን?

በሩ ይንኳኳል። «ሙስዬ አንሴልም! ጎድሮን ነኝ!»

ሁለታችንም አንከፍትም። እንደገና ይንኳኳል። ኦዲል ከእርጥቡ ወረቀት ላይ፣ በሩን በሩን እያየች ትስቃለች።